ገመድ አልባው መልእክተኛ፤ የብሉቱዝ አዳፕተር በኮምፒዩተር ላይ እንዴት ይተከላል? እንዴትስ ይሠራበታል?

ከአንድ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ

በዛሬው ዘመን ከመጽሐፍና ከደብተር ቀጥሎ የተማሪ ዋና መሣሪያ ኮምፒዩተር መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ በየመኝታ ክፍሉ የሚገኘው ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የቆየና ለአራት ለአምስት ጓደኛሞች በጋራ የሚያገለግል ነው። እንዲህ ያለው አሮጌ ኮምፒዩተር፣ ይልቁንም በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ዓይነት፣ ብዙ ጊዜ ብሉቱዝ የለውም። ስለዚህ ተማሪው ለስልኩ ብሎ የገዛው ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ኮምፒዩተሩ ዘንድ ሲደርስ ሥራ ፈት ይሆናል።

የዚህ ችግር መድኃኒት በዩ.ኤስ.ቢ. ቀዳዳ የሚሰካ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ትንሽ ዕቃ ነው። ዋጋው ከሌሎች የኮምፒዩተር ዕቃዎች ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ነገር ግን ሥራውን ሳያውቅ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያባክናል፤ ሳያውቅ የሚጠቀምበት ደግሞ ከገንዘብ የበለጠ ነገር ሊያጣ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዕቃው ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚተከልና በተለይም በጋራ ኮምፒዩተር ላይ ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ለትምህርት ጓደኞቼ ማስረዳት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ስሙና አመጣጡ

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ከመነሻው እንጀምር። በ1994 ዓ.ም. በስዊድን አገር በኤሪክሰን ኩባንያ ውስጥ ስልክን ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ያለ ገመድ ለማገናኘት ጥናት ተጀመረ። በዚህ ሥራ ስማቸው ከሚነሣው መካከል ያፕ ሃርትሰን የተባሉት የሆላንድ ኢንጂኒየር ይገኙበታል። በ1998 ዓ.ም. ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ አይ.ቢ.ኤም.፣ ኢንቴልና ቶሺባ አንድ ማኅበር አቋቁመው የጋራ ደንብ አወጡ።

ስሙ ለእኛ ለታሪክና ለቋንቋ ተማሪዎች የሚጥም ነው። ብሉቱዝ ማለት «ሰማያዊ ጥርስ» ማለት ሲሆን፣ በ10ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው የዴንማርክ ንጉሥ የሀራልድ ቅጽል ስም ነው። ይህ ንጉሥ የተከፋፈሉትን የዴንማርክ ነገዶች አንድ ያደረገና ኖርዌይንም በሥልጣኑ ሥር ያስገባ በመሆኑ ይታወቃል። የኢንቴል ሠራተኛ የነበሩት ጂም ካርዳክ፣ ንጉሡ ሕዝቦችን እንዳገናኘ ሁሉ አዲሱ ጥበብም መሣሪያዎችን ያገናኛል በማለት ስሙን አቀረቡ። ለጊዜው የታሰበው ስም በዚያው ጸና። በዕቃው ላይ የምናየው ምልክትም ከጥንታዊው የሰሜን አውሮፓ ፊደል የንጉሡን ስምና ቅጽል መነሻ ፊደላት አጣምሮ የተሠራ ነው።

፪. አሠራሩ

አዳፕተሩ በአጭሩ ሲነገር ትንሽ ራዲዮ ነው፤ ይልካልም ይቀበላልም። የሚሠራበት ሞገድ ከ2400 ሜጋኸርዝ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ ይህ ሥፍራ ዋይፋይም የማይክሮዌቭ ምድጃም የሚገኙበት የተጨናነቀ ሰፈር ነው። ታዲያ ድምፁ እንዴት ሳይጠፋ ይደርሳል?

ምሥጢሩ መዝለል ነው። ለሙዚቃና ለንግግር የሚያገለግለው ብሉቱዝ ሰፈሩን 79 መስመር አድርጎ ይከፍልና በአንድ ሴኮንድ እስከ 1600 ጊዜ ከመስመር ወደ መስመር ይዘላል። የተገናኙት ሁለት መሣሪያዎች የአዘላለሙን ቅደም ተከተል አብረው ስለሚያውቁ አይጠፋፉም። በገበያ ጫጫታ መካከል የሚነጋገሩ ሁለት ወዳጆች ጩኸት ከበዛበት ጥግ ወዲያው እየለቀቁ ሌላ ጥግ ላይ ቢገናኙ እንደማለት ነው። የማይረባውን መስመር ለይተው እስከ መተው ይደርሳሉ።

የሚደርስበት ርቀት እንደ ኃይሉ ይለያያል። ብዙው አዳፕተር ወደ 10 ሜትር ለሚሆን ርቀት የተሠራ ነው። ግድግዳ፣ ብረትና የሰው ገላ ሞገዱን ያዳክሙታል። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ «100 ሜትር» ተብሎ የተጻፈውን በሜዳ ላይ ካልሆነ በቀር በመኝታ ክፍል አትጠብቁት።

፫. ከመግዛት በፊት

በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ብሉቱዝ የሌለው መሆኑን አረጋግጡ። በዊንዶውስ ላይ «ዲቫይስ ማኔጀር» የሚባለውን ገጽ ክፈቱ። በዝርዝሩ ውስጥ ብሉቱዝ የሚል አርእስት ካለ ምናልባት ያስፈለገው ማብራት ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ መልካቸው ተመሳሳይ፣ ሥራቸው ግን የተለያየ ሦስት ዕቃዎች አሉ፤ ተጠንቀቁ።

ሀ) የዋይፋይ አዳፕተር። ይህ ለኢንተርኔት እንጂ ለማዳመጫ አይሆንም። ሁለቱንም አጣምሮ የያዘም ስላለ ጽሑፉን ማንበብ ይገባል።

ለ) ለመኪናና ለድምፅ ማጉያ የተሠራ የሙዚቃ መቀበያ። ይህም በዩ.ኤስ.ቢ. ይሰካል፤ ነገር ግን ከቀዳዳው የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ ነው። ድምፁን የሚያወጣው በቀጭን የድምፅ ገመድ በኩል ስለሆነ ኮምፒዩተሩ እንደ ብሉቱዝ አያውቀውም። ገዢን የሚያሳስተው በብዛት ይህ ነው።

ሐ) ከገመድ አልባ ማውስ ወይም ኪቦርድ ጋር አብሮ የሚሸጥ መቀበያ። ብዙውን ጊዜ የራሱን ባለቤት እንጂ ሌላውን አያነጋግርም።

ሦስተኛ፣ የደንቡን ቁጥር ተመልከቱ። 4.0 በ2010 ዓ.ም.፣ 5.0 ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የወጡ ናቸው። ለተራ ማዳመጫና ማውስ 4.0 ይበቃል። የ5.0 ፍጥነት እጥፍ ሆነ ሲባል የሚነገረው ኃይል ለሚቆጥበው የብሉቱዝ ክፍል ነው፤ በተለመደው መንገድ ፋይል መላክን አያፈጥነውም። ስለዚህ ለቁጥሩ ብቻ ብላችሁ ተጨማሪ ዋጋ አትክፈሉ።

አራተኛ፣ የታወቁ ፋብሪካዎችን ስም በሐሰት የያዙ አዳፕተሮች በዓለም ገበያ ተሰራጭተዋል። በተለይ ሲ.ኤስ.አር. የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ስም ተለጥፎባቸው የሚሸጡ አስመሳዮች ብዙ ናቸው። እነዚህ አንዳንዴ ይሠራሉ፤ አንዳንዴም ከተገናኙ በኋላ ይቋረጣሉ። በዓይን መለየት ስለማይቻል ከሁሉ የሚሻለው ነጋዴው በሱቁ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ እንዲያሳይ መጠየቅና ባይሠራ እንደሚመልስ ቃል መቀበል ነው።

፬. አተካከሉ

አዳፕተሩን ሰክታችሁ ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ዕቃው ለብቻው አይሠራም፤ በእሱና በኮምፒዩተሩ መካከል አስተርጓሚ ያስፈልገዋል፤ ይህም አስተርጓሚ ድራይቨር ይባላል። ዊንዶውስ 10ና 11 ብዙውን ጊዜ ድራይቨሩን ራሳቸው ያገኛሉ፤ ኢንተርኔት ካለ ደግሞ ይበልጥ ይቀናቸዋል። በሊኑክስ ላይም ብዙዎቹ ያለ ተጨማሪ ሥራ ይታወቃሉ።

በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ከታየ አስተርጓሚው አልተገኘም ማለት ነው። ከዕቃው ጋር ትንሽ ሲዲ ቢኖርም አዲሱ ኮምፒዩተር የሲዲ ማጫወቻ ላይኖረው ይችላል። በዚህ ጊዜ ድራይቨሩን ከአምራቹ ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱ፤ ኢንተርኔት ከሌለም በስልክ አውርዶ በገመድ ማሻገር ይቻላል። «ድራይቨርህን ሁሉ በነጻ እናድሳለን» ከሚሉ ፕሮግራሞች ግን ራቁ፤ ቫይረስና የማይፈለግ ማስታወቂያ ይዘው የሚገቡ አሉባቸውና።

ኮምፒዩተሩ የራሱ ደካማ ብሉቱዝ ካለው፣ አዲሱን ከመጠቀም በፊት አሮጌውን በዲቫይስ ማኔጀር ዝጉት። ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ ከአንድ የብሉቱዝ ራዲዮ በላይ አያስተናግድም።

የምትሰኩበት ቀዳዳም ልዩነት ያመጣል። ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ቀለም ያለው ዩ.ኤስ.ቢ. 3 ፋይል በሚያስተላልፍበት ጊዜ በዚያው በ2400 ሜጋኸርዝ ሰፈር ጫጫታ ይፈጥራል፤ ይህንንም ኢንቴል በ2012 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ አስረድቷል። ድምፁ የሚቆራረጥባችሁ ሰዎች አዳፕተሩን ወደ ጥቁሩ የዩ.ኤስ.ቢ. 2 ቀዳዳ አዛውሩት። ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ከብረቱ ሥር ከተሰካም በአጭር የማራዘሚያ ገመድ ወደ ፊት አውጡት። ተበላሸ የተባለ ስንቱ አዳፕተር በዚህች ብልሃት ብቻ ይድናል!

፭. ማጣመር

መሣሪያዎቹን ማስተዋወቅ ማጣመር ይባላል። በመጀመሪያ የማዳመጫውን ቁልፍ መብራቱ ብልጭ ድርግም እስኪል ድረስ ተጫኑት። ቀጥሎ በኮምፒዩተሩ ሴቲንግ ውስጥ የብሉቱዝን ገጽ ከፍታችሁ «መሣሪያ ጨምር» የሚለውን ምረጡና ከዝርዝሩ የማዳመጫውን ስም ንኩ። ስሙ ካልመጣ፣ ማዳመጫው ቀደም ሲል ከሚያውቀው ስልክ ጋር ተያይዞ ይሆናል፤ የስልኩን ብሉቱዝ አጥፍታችሁ እንደ ገና ሞክሩ።

ስልክ ስታጣምሩ በሁለቱም ላይ ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ይወጣል። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ሳታዩ «እሺ» አትበሉ፤ ቁጥሩ የወጣው በመካከል ሌላ ሰው እንዳይገባ ነውና። ኪቦርድ ሲሆን የታየውን ቁጥር በራሱ በኪቦርዱ ጽፎ ኤንተር መጫን ነው። ነገር ግን ባለ ገመዱን ኪቦርድ አትጣሉ፤ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የብሉቱዝ ኪቦርድ ብዙውን ጊዜ አይሠራም።

፮. ስለ ድምፅና ስለ ፋይል

ማዳመጫው በኮምፒዩተሩ ላይ በሁለት ስም ሊታይ ይችላል፤ አንዱ ጥሩ ሙዚቃ የሚያሰማው ስቴሪዮ፣ ሁለተኛው ማይክሮፎኑም የሚሠራበት የስልክ ዓይነት ነው። በተለመደው ብሉቱዝ ማይክሮፎኑ ሲከፈት ድምፁ ወርዶ እንደ ስልክ ይሆናል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ መንገዱ ለመሄጃም ለመመለሻም ስለሚከፈል ነው። በኢንተርኔት ሴሚናር የምትካፈሉ በማዳመጫው እየሰማችሁ በሌላ ባለ ገመድ ማይክሮፎን ብትናገሩ ጥራቱ ይመለሳል።

ማየት ለተሳናቸው ጓደኞቻችን ነገሩ የምቾት ጉዳይ አይደለም። እንደ ኤን.ቪ.ዲ.ኤ. ያሉት ነጻ ፕሮግራሞች የገጹን ጽሑፍ በድምፅ ስለሚያነቡላቸው፣ ማዳመጫ ማለት ዓይን ማለት ነው። ብሉቱዝ ግን ድምፁን በጥቂቱ ያዘገያል፤ ዝም ካለ በኋላም የመጀመሪያዋን ክፍለ ቃል የሚውጥበት ጊዜ አለ። ለፈጣን ሥራና ለፈተና ባለ ገመዱ ይሻላል፤ ረዥም ንባብ ለማዳመጥ ብሉቱዙ መልካም ነው። ለእነርሱ ዕቃ የሚገዛ ሁሉ ይህን ይወቅ።

ትልቅ ፋይል በብሉቱዝ መላክ ደግሞ ትዕግሥት ይፈታተናል። 700 ሜጋባይት የሚሆን የትምህርት ፊልም ለማስተላለፍ ከ40 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ለዚህ ፍላሽ ወይም ገመድ ይሻላል።

፯. በጋራ ኮምፒዩተር ላይ የሚያስፈልግ ጥንቃቄ

ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ ይህ ነው። ማጣመር የአንድ ቀን ሰላምታ ሳይሆን ቁልፍ መስጠት ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች የምሥጢር ቁልፍ ይጽፉና ያኖሩታል፤ ባለቤቱ ተነሥቶ ቢሄድም ቁልፉ እዚያው ይቀራል። ስልኩን ከቤተ መጻሕፍት ወይም ከመኝታ ክፍል ኮምፒዩተር ጋር ያጣመረ፣ የስም ዝርዝሩንና መልእክቱንም ለማየት ፈቃድ የሰጠ ተማሪ፣ ነገ በዚያ ወንበር ለሚቀመጠው ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራችሁን ስትጨርሱ ብሉቱዙን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ በኮምፒዩተሩ ላይ «መሣሪያውን አስወግድ» የሚለውን ተጫኑ፤ በስልካችሁም ላይ ኮምፒዩተሩን ከዝርዝሩ ሰርዙ። የማትጠብቁት የማጣመር ጥያቄ ወይም ፋይል ሲመጣ አትቀበሉ።

በ2017 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ብሉቦርን ብለው የሰየሙትን ጉድለት ይፋ አደረጉ፤ ይህም ምንም ማጣመር ሳያስፈልግ ብሉቱዙ ክፍት በሆነ መሣሪያ ውስጥ ለመግባት የሚያስችል ነበር። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ ቁልፉን ደካማ ለማድረግ የሚያስችል ሌላ ጉድለት ተገለጠ። የሁለቱም መከላከያ በፕሮግራም እድሳት መጥቷል፤ ያላደሰ ግን ያው ተጋላጭ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ እድሳት በጥቅምት 2025 ማብቃቱን ልብ በሉ።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ሦስት ጥያቄ ነው። የምገዛው ዕቃ በእርግጥ የኮምፒዩተር ብሉቱዝ ነውን? አስተርጓሚው ተገኝቶለታልን? ቁልፉንስ ለማን ሰጠሁ? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የዘነጋ ገንዘቡን ያጣል፤ ሦስተኛውን የዘነጋ ግን የራሱን ብቻ ሳይሆን በስልኩ ውስጥ ስማቸው ያለውን የዘመድ የወዳጁን ምሥጢር ሁሉ ያስደፍራል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በአንድ ክፍል የምንኖር ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተን አንድ ደኅና አዳፕተር ብንገዛ ለሁላችንም ይበቃል። ከኮምፒዩተሩ አጠገብም «ስትጨርስ መሣሪያህን አስወግድ» የሚል ወረቀት እንለጥፍ። ዕቃውን በጋራ መጠቀም ወንድማማችነት ነው፤ የሌላውን ምሥጢር ተዘግቶ እንዲቆይ ማድረግም እንዲሁ።