በጨለማው ወራት የሚበራ ሻማ

ንባብ፤ ኢሳይያስ ምዕ. 9፤ ሮሜ ምዕ. 14

ከደጋው አገራችን ተነሥቶ ወደ ስዊድን የሚሄድ ሰው ስለ ብርዱ አስቀድሞ ይሰማል፤ ካፖርትም ይገዛል። ያላሰበው ግን ጨለማው ነው። በዲሴምበር ወር በስቶክሆልም ፀሐይ የምትቆየው ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ በሰሜን ባለችው በኪሩና ከተማ ደግሞ ለሦስት ሳምንት ያህል ከቶ አትወጣም።

በዚህ ወራት በየቤቱ መስኮት የወረቀት ኮከብ ይበራል። በጠረጴዛም ላይ አራት ሻማ ይቆማል፤ ከልደት በፊት ባሉት አራት እሑዶች፣ አድቬንት በሚባሉት፣ በየሳምንቱ አንድ እየተጨመረ ይለኮሳል። ሻማን ለእሑዶች የመቍጠር ልማድ ከጀርመን አገር የሚታወቅ ታሪክ አለው። በ1839 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ዮሐን ሂንሪክ ቪኸርን የተባለ የሉተራን መምህር በሐምቡርግ ድኾች ልጆችን በሚያሳድግበት ቤት በጋሪ መንኰራኵር ላይ ሻማዎችን አቆመ፤ ትንንሾቹ ለሥራ ቀኖች፣ ትልልቆቹ ለእሑዶች ነበሩ። ልጆቹም የልደትን መቅረብ በዓይናቸው እያዩ ቈጠሩ።

ሁሉን በአንድ ምሽት ማብራት ይቻል ነበር። አባቶቻችን ልደትን በነቢያት ጾም ይጠብቁ ነበር፤ እኛ የጾሙን ግዴታ ስንተው መጠበቁንም አብረን ትተን እንደ ሆነ ራሳችንን ልንመረምር ይገባል።

የኅሊና ጭንቀት የሚመጣው ግን በዲሴምበር 13 ቀን ነው። በዚያ ማለዳ ሴቶች ልጆች ነጭ ለብሰው፣ አንዲቱ በራሷ ላይ የሻማ አክሊል ደፍታ (ዛሬ ለሕፃናት ብዙ ጊዜ በባትሪ የሚበራ ነው)፣ እየዘመሩ ይገባሉ፤ በሳፍሮን ቢጫ የሆነ ዳቦና ቡናም ይቀርባል። ቀኑ በ304 ዓ.ም. ገደማ በሲሲሊያ በሰማዕትነት እንደ ሞተች የሚነገርላት የሉሲያ መታሰቢያ ነው። እንግዲህ የቅዱሳንን ምልጃና የማኅበሩን ጠበል ጸዲቅ ትቶ የወጣ አባት፣ ልጁ ከትምህርት ቤት መጥታ «አባባ፣ ነጭ ቀሚስ ግዛልኝ» ስትለው ምን ይመልስላት?

በመጀመሪያ ነገሩን ይወቅ። በዚያ ሰልፍ ወደ ሉሲያ የሚጸልይ የለም። ነጭ ለባሿ ሉሲያ በስዊድን ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈችው በ1764 ዓ.ም. ነው፤ ልማዱ በአገሩ ሁሉ የተስፋፋውም በ1927 ዓ.ም. አንድ የስቶክሆልም ጋዜጣ ሉሲያን የማስመረጥ ውድድር ከጀመረ ወዲህ ነው። የ1530 ዓ.ም. የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫም በሰባተኛው አንቀጽ ለቤተ ክርስቲያን አንድነት የወንጌሉ ትምህርትና የምሥጢራቱ አገልግሎት ይበቃል፣ ሰው የሠራው ሥርዓት በሁሉ ስፍራ አንድ መሆን አያስፈልገውም ይላል። ስለዚህ ቀሚሱን መግዛት ይችላል ብዬ እፈርዳለሁ፤ ነገር ግን በዋዜማው ምሽት ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ብርሃን የሚባለው ማን እንደ ሆነ ከዮሐንስ ወንጌል ያንብብላት። በዚያ ሰልፍ ከሚዘምሩት ብዙዎቹ ዓመቱን ሁሉ የቤተ ክርስቲያንን ደጃፍ አይረግጡምና፣ መዝሙሩ ብቻውን አያስተምራትም። ኅሊናው የከለከለውን አባትም ማንም አያስገድደው፤ እርሱም ጎረቤቱን ጣዖት አምላኪ አይበል።

በዚያ አገር ልደት ከእኛ 13 ቀን ቀድሞ ይውላል። ዛፉና የመስኮቱ ኮከብ ግን በልማድ እስከ ጃንዋሪ 13 ቀን ይቆያሉ። ስለዚህ የእኛ ሰዎች በጃንዋሪ 7 ቀን ለገና ዶሮ ወጡን ሠርተው ሲሰበሰቡ፣ በጎረቤቶቻቸው መስኮት ኮከቡ ገና እንደ በራ ነው።