በሌሊት የመጣው ሰው በመጨረሻ የት ቆመ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ ኒቆዲሞስ ይባላል። ኒቆዲሞስ የአይሁድ አለቃ፣ የሕግ መምህር ነበረ። ጌታን ሊጠይቅ የመጣው ግን በሌሊት ነው (ዮሐ. 3፥1-2)። ከአለቆች ብዙዎቹ በጌታ ቢያምኑም ከምኩራብ እንዳይባረሩ ፈርተው እምነታቸውን ይደብቁ ነበር (ዮሐ. 12፥42)። እንግዲህ «ሰው ምን ይለኛል» የሚባለው በሽታ ዛሬ የመጣ አይደለም።

እኛስ? ጓደኛ «አንድ ቀን ብትበላ ምን ትሆናለህ?» ቢለን እምቢ ማለት አይከብደንም። የሚጥለን ሌላው ነው። እኔ ራሴ ዲፕሎማዬን ይዤ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ስሠራ፣ በዚሁ በዐቢይ ጾም አለቃዬ ያልገባ ዕቃ «ገብቷል» ብዬ ሞዴል 19 እንድቆርጥ አዘዘኝ። «ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ አንተ ብቻ ጻድቅ ልትሆን ነው እንዴ?» አለኝ። ፈረምሁ። በዚያን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመስሁም፤ እጄ ግን አልጾመም።

ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ «ልጄ፣ ያጠፋኸውን ሳታስተካክል ንስሐህ ሙሉ አይሆንም። ለሚቀጥለውም መልስህን ከዛሬ አዘጋጅ» አሉኝ። ዕቃው አለመግባቱን ጽፌ አስገባሁ። ደግመው ሲያዙኝም «ዕቃውን ሳላይ አልፈርምም» አልሁ። ከቦታዬ ተነሣሁ። አብረውኝ ቡና የሚጠጡትም ራቁኝ። አልዋሻችሁም፣ ከፍቶኝ ነበር። እንቅልፌ ግን ተመለሰልኝ።

አሁን ወደ ኒቆዲሞስ እንመለስ። አለቆቹ ጌታን ሊይዙ ሲመክሩ፣ ሳይሰሙ መፍረድ በሕጋችን አለ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አንተም ከገሊላ ነህን ብለው ዘለፉት (ዮሐ. 7፥50-52)። በዕለተ ዓርብ ደግሞ ብዙዎች ሲሸሹ፣ መቶ ነጥር ከርቤና እሬት ይዞ መጣ፤ ከአርማትያሱ ዮሴፍ ጋርም ጌታን ቀበረ (ዮሐ. 19፥38-40)። ጲላጦስ ግን ጌታ በደል እንደሌለበት እያወቀ፣ የቄሣር ወዳጅ አይደለህም ሲሉት አሳልፎ ሰጠ። እጁን ታጠበ፤ ፍርዱ ግን አልታጠበለትም።

ሁለቱም በሰው መካከል ነበሩ። አንዱ ከፍርሃቱ ጥቂት በጥቂት ወጣ፤ ሌላው ለፍርሃቱ ተገዛ። ወገኖቼ፣ መፍራት ብቻውን አይኰንነንም፤ በፍርሃት ሐሰትን ማጽናት ግን ይኰንነናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሲያጣድፏችሁ ወዲያው «እሺ» አትበሉ። «ላስብበት» ብላችሁ ጸልዩ፤ ኒቆዲሞስም አስቀድሞ ጠየቀ።

ሁለተኛ፣ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

ሦስተኛ፣ ረጅም ክርክር አትግጠሙ። አንዲት እውነተኛ ቃል ተናገሩ፤ በትሕትና ይሁን።

አራተኛ፣ እንደ ዮሴፍ ያለ ባልንጀራ ፈልጉ፤ ለብቻ መቆም ይከብዳልና።

ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ዘንድሮ ጾሙን ስትይዙ አፋችሁን ብቻ ሳይሆን ፊርማችሁንም አስጹሙ። በሌሊት የመጣውን ያልናቀ አምላክ እኛንም በቀን ለመቆም ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።