የልጅ ሥራ መቼ ትምህርት ይሆናል? መቼስ ብዝበዛ?

እንደሚታወቀው ከመካከላችን አንዳንዶቻችን ነገ ፑኝዶና አካባቢው ተመድበን እናስተምራለን። በጊሎ ወንዝ ዳር ማሽላው ሲያሽት ወፍ ይወርዳል፤ ያኔ የአኙዋ ልጅ የሚገኘው ከክፍል ሳይሆን ከማሳ ነው። ታዲያ ስም ጠርተን «ቀሪ» ብለን ከመጻፋችን በፊት፣ የልጆች ሥራ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይገባናል።

በቀደሙት ዘመናት በአገራችን ልጅ ሙያ የሚማረው ከቤቱ ነበር። የሸማኔው ልጅ ድውር ያደውራል፤ የቀጥቃጩ ልጅ ወናፍ ይነፋል፤ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ አፈር ታመጣለች። ውል የለ፣ ደመወዝ የለ፤ ሙያው ራሱ ውርስ ነው። በኑዌሮች ዘንድ ደግሞ ግንባሩን ተበጥቶ ለአዋቂነት የበቃ ወንድ ላም አያልብም፤ ማለብ የሴቶችና የልጆች ድርሻ ነበር። የቆሎ ተማሪውም እንጨት እየለቀመ፣ ውሃ እየቀዳ መምህሩን ያገለግል ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ወጣቶች ከአውሮፓውያን ባለሙያዎች እጅ እንዲማሩ ሲያደርጉ፣ ሙያ ከዘር ውጭም በትምህርት ሊተላለፍ እንደሚችል አሳይተዋል።

ሆኖም የልጅ ሥራ ሁሉ ትምህርት አልነበረም። በምዕራብና በደቡብ አገራችን ስንቱ ልጅ በባሪያ ፈንጋይ እጅ ወድቆ ተሽጧል! ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1563 የወጣው ሕግ ሙያ ተማሪው ቢያንስ 7 ዓመት ከባለሙያ ዘንድ እንዲቆይ ያዝ ነበር። ኋላ ግን የድሃ ልጆች በዚያው «ሙያ ተማሪ» በሚል ስም ወደ ጥጥ ፋብሪካ ተጋዙ። የ1802ቱ ሕግ ሥራቸውን በቀን በ12 ሰዓት ወስኖ ፊደልና ሒሳብ እንዲማሩ ቢያዝም፣ በቂ ተቆጣጣሪ ስላልነበረው እምብዛም አልሠራም። ስሙ ትምህርት፣ ግብሩ ጉልበት ብዝበዛ!

እንግዲህ ስም እንዳያታልለን ሦስት ጥያቄዎችን እናንሳ፤

1ኛ/ ልጁ ከሥራው የሚያውቀው ነገር አለ ወይስ ያንኑ ሲደጋግም ይውላል?
2ኛ/ ጥቅሙ የማን ነው? የልጁና የቤተሰቡ ወይስ የሌላ ሰው?
3ኛ/ ሥራው ማብቂያ አለው? ለጨዋታ፣ ለእንቅልፍና ለትምህርት ጊዜ ይተርፈዋል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ መሥራት የለበትም። ወፍ የሚጠብቀው ልጅ ግን ተቀጣሪ አይደለም፤ ስለዚህ ጉዳዩ የሚያልቀው በእኛና በወላጆቹ መካከል ነው።

ምን እናድርግ? ልጁን ከመቅጣት በፊት ወላጁ ዘንድ እንሂድ። ወንድምና እህት ተራ እንዲገቡ፣ አንዱ ጧት ሌላው ከሰዓት እንዲማር እንነጋገር። ያመለጠውን ትምህርት ለይተን እናካክስ። ልጁ ስለ አዝመራና ስለ ዓሣ የሚያውቀውንም በሒሳብና በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እንጠቀምበት፤ ከቤቱ ያመጣው እውቀት ነውና። ለሌላ ሰው ትርፍ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ልጅ ስናገኝ ግን ዝም አንበል፤ ለርዕሰ መምህሩና ለወረዳው እናስታውቅ።

የቀሪ ተማሪ ስም መመዝገብ ቀላል ነው። የመምህርነት ሥራ የሚጀምረው ግን «ለምን ቀረ?» ብለን ስንጠይቅ ነው።