መዓዛው ከልጣጩ፣ ኮምጣጣነቱ ከጭማቂው፦ ለስላሳ የሎሚና የብርቱካን ብስኩት በቤት ውስጥ አጋገር

አሕጽሮት

የሎሚ ወይም የብርቱካን ጣዕም ያለው ለስላሳ ብስኩት በቤት ውስጥ ሲጋገር ሁለት ቅሬታዎች ተደጋግመው ይሰማሉ፤ አንደኛው የፍሬው ጣዕም ከምድጃ ሲወጣ ደብዝዞ መገኘቱ፣ ሁለተኛው ብስኩቱ በማግስቱ መድረቁ ነው። ይህ አጭር መጣጥፍ ሁለቱ ችግሮች በከፊል ከአንድ ልማድ፣ ይኸውም ጣዕም ለመጨመር ሲባል ወደ ሊጡ ጭማቂ ከማብዛት እንደሚመነጩ ያስረዳል። በዚሁ መሠረት የመዓዛን፣ የኮምጣጣነትንና የልስላሴን ምንጭ ለያይቶ በማየት፣ እንደ አዲስ አበባ ላለ ከፍተኛ ቦታ የሚስማማ የአጋገር ምጣኔ ያቀርባል።

1. መግቢያ

የስኳር ብስኩት የሚሠራባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ማቡኪያ። ሆኖም ቅቤና እንቁላል ዋጋቸው ቀላል ስላልሆነ አንድ ትሪ ብስኩት መበላሸቱ ለቤተሰብም ሆነ በቤት ውስጥ ጋግሮ ለሚሸጥ ሰው ተጨባጭ ኪሳራ ነው። ችግሩን የሚያባብሰው ደግሞ አብዛኞቹ የአጋገር መመሪያዎች ለዝቅተኛ ቦታ የተሰሉ መሆናቸውና የሚጠቅሱት ሎሚም በኢትዮጵያ ገበያ ከሚገኘው የተለየ መሆኑ ነው። በአገራችን ‹ሎሚ› የሚባለው በአብዛኛው ትንሽ፣ ክብና ስስ ልጣጭ ያለው የላይም ወገን ፍሬ ነው፤ የውጭ መመሪያዎች የሚያስቡት ግን ወፍራም ልጣጭ ያለውን ትልቁን ቢጫ ሎሚ ነው። ስለዚህ ‹የአንድ ሎሚ ልጣጭ› የሚለው መለኪያ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም።

2. ልጣጭና ጭማቂ

በሎሚና በብርቱካን ወገን ፍሬዎች ውስጥ መዓዛና ኮምጣጣነት በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጣሉ። መዓዛው በልጣጩ ውጫዊ፣ ባለቀለም ሽፋን ውስጥ በሚገኙ ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ተይዟል። የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ከ90 በመቶ በላይ ሊሞኒን የተባለ ውህድ ሲሆን፣ ለሎሚ ሎሚነቱን በዋናነት የሚሰጠው ደግሞ በመጠን አነስተኛ የሆነው ሲትራል ነው። ከዚህ ሽፋን ሥር ያለው ነጭ ክፍል መራራ በመሆኑ ሲፈቀፈቅ ሊነካ አይገባም።

ጭማቂው በአንጻሩ በአብዛኛው ውሃ ነው። በሎሚ ጭማቂ ውስጥ ከ5 እስከ 6 በመቶ የሚሆን ሲትሪክ አሲድ ይገኛል፤ ይህንን አሲድ እ.ኤ.አ. በ1784 ከሎሚ ጭማቂ ነጥሎ ያወጣው ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ቪልሄልም ሼሌ ነበር። የጣፋጭ ብርቱካን ጭማቂ አሲድ ወደ 1 በመቶ ዝቅ ይላል። ስለሆነም የብርቱካን ጭማቂ ወደ ሊጥ ሲጨመር የሚገባው በዋናነት ውሃና ስኳር እንጂ የብርቱካን ሽታ አይደለም።

ሊሞኒን የሚፈላው በ176 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህ ማለት ግን እስከዚያ የሙቀት ደረጃ ድረስ ከሊጡ አይወጣም ማለት አይደለም። እንዲህ ያሉ ዘይቶች ከውሃ እንፋሎት ጋር አብረው ከራሳቸው የመፍላት ደረጃ በታች ይተናሉ፤ የሽቱ ዘይት በእንፋሎት የሚጠመቀውም በዚሁ ባሕርይ ነው። ሊጡ ብዙ ውሃ በያዘ መጠን ብዙ እንፋሎት ይወጣል፤ መዓዛውም አብሮት ይሄዳል። ሊሞኒን በውሃ ውስጥ እምብዛም የማይሟሟ፣ በቅባት ውስጥ ግን በቀላሉ የሚሟሟ በመሆኑ መዓዛውን በተሻለ ሁኔታ የሚያቆየው ቅቤው ነው። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ምክር ልጣጩን በቅድሚያ ከስኳሩ ጋር በጣት ማሸት፣ ከዚያም ስኳሩን ከቅቤው ጋር መምታት ነው። የስኳሩ እንክብሎች የዘይት ከረጢቶቹን ይሰብራሉ፤ ቅቤው ደግሞ የወጣውን ዘይት ይቀበላል።

3. የአሲድና የሶዳ ስሌት

ኮምጣጣነት ለማግኘት ወደ ሊጥ ጭማቂ መጨመር ከሶዳ ጋር ሲጣመር ዓላማውን ያጣል። 192 ግራም ሲትሪክ አሲድ 252 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ያረክሳል፤ ማለትም ለ1 ግራም አሲድ 1.3 ግራም ሶዳ ይበቃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ወይም 15 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ ከ0.75 እስከ 0.9 ግራም አሲድ ስለሚይዝ፣ ከ1 እስከ 1.2 ግራም የሚሆን ሶዳ፣ ማለትም ሩብ የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ኮምጣጣነቱን ፈጽሞ ያጠፋዋል። የሚቀረው ጨው፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ቤኪንግ ፓውደር ሲሆን ጉዳዩ በጥቂቱ ይለያል። በውስጡ ሶዳውና ደረቅ አሲዱ ተመጣጥነው ስለተቀመጡ የሎሚው አሲድ ሚዛኑን ያዛባል፤ ሶዳው ገና በማቡካት ላይ እያለ ይሠራና ጋዙ ከምድጃ በፊት ይባክናል። ሊጡ አሲዳማ ሲሆን ደግሞ ብስኩቱ እንደ ገረጣ ይቀራል፤ ምክንያቱም ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚ ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው የፕሮቲንና የስኳር ውህደት፣ ማለትም ቡናማ ቀለምና የተጋገረ ነገር ጣዕም የሚሰጠው ሂደት፣ በአሲድ ውስጥ ይዘገያል።

ከሁሉም በላይ ጭማቂ የበዛበት ሊጥ እጅ ላይ ይጣበቃል። ጋጋሪውም ሊጡን ለማስተካከል ዱቄት ይጨምራል። ዱቄቱና ውሃው በአንድነት ሲበዙ ግሉተን ይጠነክራል፣ የስኳሩና የቅቤው ድርሻ ያንሳል፤ ለልስላሴ የታሰበው ብስኩትም ወደ ደረቅ ዳቦነት ያደላል። በማግስቱ የሚታየው ድርቀት አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

4. የልስላሴ ምንጮች

ልስላሴ በብስኩቱ ውስጥ ከተረፈው ውሃና ያንን ውሃ ከያዘው ነገር ይገኛል። ስኳር ውሃ ይስባል፣ ግሉተን እንዳይጠነክርም ያግዳል። በማር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፍሩክቶስ ከተራ ስኳር ይበልጥ ውሃ ስለሚይዝ፣ 20 ግራም ስኳርን በአንድ የሾርባ ማንኪያ ማር መተካት ብስኩቱን ለተጨማሪ ቀናት ለስላሳ ያደርገዋል፤ ማር ግን ቶሎ ስለሚጠቁር ምድጃውን በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል። የእንቁላል አስኳል ቅባትና ሌሲቲን ስላለው ያለሰልሳል፤ ነጩ ግን ሲበዛ ያደርቃል። ለዳቦ የሚሆን ፉርኖ ዱቄት ፕሮቲኑ ከፍ ያለ ሲሆን ጥቂቱን በበቆሎ ስታርች መተካት የግሉተኑን ኃይል ይቀንሳል።

5. ከፍታና ምድጃ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ሲሆን፣ ውሃም በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። በዚህ ግፊት ተመሳሳይ መጠን ያለው ጋዝ 30 በመቶ ገደማ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ለዝቅተኛ ቦታ የታዘዘው ማቡኪያ ሳይቀነስ ሲገባ ብስኩቱ በፍጥነት ይነፋና ይሟሽሻል፤ ውሃውም ቶሎ ይተናል። ማቡኪያውን ከሩብ እስከ ግማሽ መቀነስ፣ የመጋገሪያ ጊዜውንም ማሳጠር ተገቢ ነው። የምድጃው ትክክለኛ ሙቀት ከመቆጣጠሪያው ቁጥር ሊለይ ስለሚችል፣ ሙሉውን ሊጥ ከማስገባት በፊት ሁለት ብስኩት ብቻ ጋግሮ መፈተን አነስተኛ ወጪ ያለው ጥንቃቄ ነው።

6. የተመጠነ አሠራር

ከላይ የተዘረዘሩትን መርሖች የሚያጠቃልል ምጣኔ የሚከተለው ነው፦ 230 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 20 ግራም የበቆሎ ስታርች፣ 150 ግራም ስኳር፣ 125 ግራም የለሰለሰ የገበታ ቅቤ፣ አንድ እንቁላልና አንድ ተጨማሪ አስኳል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የሁለት ብርቱካንና የሁለት ሎሚ የተፈቀፈቀ ልጣጭ።

ፍሬዎቹ በሞቀ ውሃ በሚገባ ታጥበውና ታሽተው ይደርቃሉ፤ ከሩቅ የመጣ ፍሬ ሰም ወይም ፀረ ሻጋታ መድኃኒት የተቀባ ሊሆን ይችላልና። በሞቃት ቆላ የበሰለ ብርቱካን ልጣጩ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቀር፣ አረንጓዴነቱ ብቻውን ላለመብሰሉ ማስረጃ አይሆንም። ልጣጩ ከስኳሩ ጋር ከታሸ በኋላ ከቅቤው ጋር ይመታል፤ እንቁላሉና አስኳሉ ይገባሉ፤ በመጨረሻ ዱቄቱና ሌሎቹ ደረቅ ነገሮች ተነፍተው እስኪዋሐዱ ድረስ ብቻ ይደባለቃሉ። ሊጡ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል፤ ቅቤው ስለሚረጋ ብስኩቱ በትሪው ላይ ከመጠን በላይ አይንጣለልም። ከዚያም በ30 ግራም እየተድቦለቦለ በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ9 እስከ 11 ደቂቃ ይጋገራል።

የማውጫው ጊዜ የሚታወቀው ጠርዙ ረግቶ፣ የመሃሉ ገጽ እርጥብ ብልጭታውን ሲያጣ ነው። መሃሉ በዚህ ጊዜ ለስላሳ መሆኑ ጥሬነት አይደለም፤ በትሪው ላይ በሚቆይባቸው 5 ደቂቃዎች ይረጋል። ቡናማ እስኪሆን መጠበቅ ግን ልስላሴውን ያሳጣዋል።

ኮምጣጣነቱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። 100 ግራም የተፈጨ ስኳር ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር በሚሆን የሎሚ ጭማቂ ተበጥብጦ ብስኩቱ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ይቀባል። ይህ ጭማቂ ሶዳም ሙቀትም ስለማያገኘው አሲዱም ሽታውም እንዳለ ይቆያል። የተቀባው ሲደርቅ ብስኩቱ በሚገጥም ዕቃ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ በኋላ መድረቅ ከጀመረ አንድ ቁራሽ ለስላሳ ዳቦ አብሮ ማስቀመጥ እርጥበቱን ይመልስለታል።

7. ጭማቂ በሊጥ ውስጥ የሚጠቅምበት ሁኔታ፦ የጾም ብስኩት

ከላይ የቀረበው ክርክር አንድ ጠቃሚ ልዩነት አለው። በጾም ወቅት እንቁላልና ቅቤ በማይገቡበት ጊዜ የሎሚ ጭማቂ በሊጡ ውስጥ በሌላ ግብር ያገለግላል። በእንቁላሎቹ ፋንታ 15 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ ከ30 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር፣ በቤኪንግ ፓውደሩም ፋንታ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ሲገባ፣ በክፍል 3 የታየው ስሌት ጉድለት መሆኑ ይቀርና የማቡኪያ ቀመር ይሆናል። አሲዱና ሶዳው ተመጣጥነው ስለሚጠፉ የሶዳ ጣዕም አይተርፍም። ጋዙ ወዲያው ስለሚፈጠር ሊጡ ሳይቆይ መጋገር አለበት። ቅቤውን የሚተካው የዕፅዋት ማርጋሪን የወተት ተዋጽኦ የሌለበት መሆኑ ከማሸጊያው ሊረጋገጥ ይገባል።

8. መደምደሚያ

የቤት ውስጥ ጋጋሪ የሎሚ ጣዕም ሲያንሰው ጭማቂ መጨመሩ ከአመክንዮ የራቀ አይደለም፤ በአንደበት ላይ መዓዛና ኮምጣጣነት እንደ አንድ ነገር ይሰማሉና። በሊጥ ውስጥ ግን ሁለቱ የተለያየ ጠባይ አላቸው። መዓዛውን በልጣጭና በቅባት፣ ኮምጣጣነቱን ከምድጃ በኋላ በሚቀባ ጭማቂ፣ ልስላሴውን በስኳር፣ በአስኳልና በጊዜ መጠበቅ ይቻላል። በጾም ብስኩት እንደታየውም፣ ጭማቂ ወደ ሊጥ የሚገባ ከሆነ ለጣዕም ሳይሆን ለማቡኪያነት፣ በሶዳው ልክ ተመጥኖ ሊሆን ይገባል።