ሱቅና መኖሪያ በአንድ ሕንፃ፤ ከሲያትል የጥቁሮች ሰፈር የሚገኝ ትምህርት

ባለሱቅ ሱቅ ሲከራይ የሚከራየው አራቱን ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ በደጁ የሚያልፈውንም ሰው ጭምር ነው። ሰፈርተኛው በኪራይ ውድነት ተገፍቶ የሄደ እንደ ሆነ፣ መደርደሪያው በዕቃ ቢሞላም ደንበኛው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ፎቁ መኖሪያ የሆነ ሕንፃ በቆየ ሰፈር ውስጥ ሲሠራ፣ የሰፈሩን ሰውና ልማድ መጠበቅ የደግነት ሥራ ብቻ ሳይሆን የንግድም ጉዳይ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ የሚገኘው ሴንትራል ዲስትሪክት የተባለው ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ዊልያም ግሮስ የተባለ ጥቁር ነጋዴ በዚያ አካባቢ 12 ኤከር መሬት ገዛ፤ ሌሎች ጥቁር ቤተ ሰቦችም ተከትለውት ሰፈሩ። ከዚያም በሌሎች ሰፈሮች የቤት ውል ላይ ለጥቁር ሰው መሸጥን የሚከለክል ቃል ይጻፍ ስለ ነበረ፣ ጥቁሩ ሕዝብ በዚያው ተወስኖ ኖረ። ከተማው በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘር መለየትን የከለከለው በ1968 ነው። በዚያው ዓመት፣ ሌሎች ባንኮች የነፈጉትን ብድር ለመስጠት ሊበርቲ ባንክ ተከፈተ፤ እስከ 1988ም ሠራ።

በ1970 ገደማ ከሰፈሩ ነዋሪ ከመቶው ሰባ የሚበልጠው ጥቁር ነበር። የቤት ዋጋና ኪራይ እየናረ በመሄዱ ግን፣ በ2010ዎቹ ዓመታት ከአምስት አንድ ያህል ብቻ ቀረ። በ2019 በባንኩ ቦታ ላይ 115 መኖሪያዎች ያሉት፣ ኪራዩም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የተወሰነ የሊበርቲ ባንክ ሕንፃ ተመረቀ። ከአሠራሩ አራት ትምህርቶች ይገኛሉ።

አንደኛ፤ ምክር ከንድፍ ይቀድማል። ሕንፃውን ያሠራው የቤቶች ድርጅት ከጥቁሩ ማኅበረ ሰብ ድርጅቶች ጋር የስምምነት ጽሑፍ ተፈራረመ።

ሁለተኛ፤ ሱቁ ለሰፈሩ ነጋዴ ይሁን። በሰፈሩ ለብዙ ዓመታት የኖረ ፀጉር ቤት በምድር ቤቱ ቦታ አግኝቷል። የሱቁ ስፋትና ኪራይ ለትልቅ ኩባንያ ብቻ የሚመች ከሆነ ግን፣ ትንሹ ነጋዴ ከመጀመሪያው ቀን ውጭ ይቀራል።

ሦስተኛ፤ መታሰቢያው በግልጽ ይታይ። ከአሮጌው ባንክ የተነሡ ጡቦችና የአደራ ሣጥን መዝጊያዎች በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ ገብተዋል፤ የጥቁር ሠዓሊዎች ሥራም ተሰቅሎበታል።

አራተኛ፤ ባለቤትነት ይታሰብ። ስምምነቱ ሕንፃው ወደ ፊት በጥቁሩ ማኅበረ ሰብ እጅ የሚገባበትን መንገድ ያመለክታል። ሥዕል ያለ ባለቤትነት ጌጥ ሆኖ ይቀራልና፣ ከአራቱ ሁሉ ይህ ይበልጣል።

እርግጥ 115 መኖሪያዎች የሄደውን ሕዝብ ሁሉ አይመልሱም። ሆኖም በዚሁ ሰፈር፣ በቼሪ ጎዳና ምግብ ቤት የከፈቱ ኢትዮጵያውያንም ስላሉ ነገሩ ለእኛ ነጋዴዎች ሩቅ አይደለም።

እንግዲህ ነጋዴ በአዲስ ሕንፃ ውስጥ የኪራይ ውል ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ በፎቁ የሚኖረው ማን ነው? ኪራዩ በስንት ዓመት፣ በምን ያህል ይጨምራል? የቀድሞው ሰፈርተኛስ ወዴት ሄደ? የሦስቱ መልስ ካልታወቀ፣ የሱቁ ትርፍም አይታወቅም።