ዶርማችሁን ለማጅራት ገትር ክትባት ለማሰለፍ

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ፍሬሽ ቀድሞ የሚያስበው ስለ ብርድ ልብስ ነው። አይፈረድበትም፤ ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ብርዱን ሽሽት ግን የዶርሙ መስኮት ተዘግቶ ይከርማል። የማጅራት ገትር ባክቴሪያ ደግሞ ተፋፍጎ የሚያድር ሰው ይወዳል፤ ራሱ ሳይታመም ጉሮሮው ውስጥ ተሸክሞ በሳልና በማስነጠስ ለሌላው የሚያቀብል አለ።

1. ቤት ደውሉ። ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. ከ1 እስከ 29 ዓመት ላሉ ሰዎች በየክልሉ የክትባት ዘመቻ ተካሂዷል። የአንኮበር ልጅ “እማዬ፣ ያኔ ተከትቤያለሁ?” ብሎ ይጠይቅ። እናት ካላስታወሱ የቀበሌው ጤና ኬላ አለ።

2. “በልጅነቴ ተወግቻለሁ” ለሚለው መልስ ያዙ። ጓደኛ ሁሉ የሚያመልጠው በዚህ ነው። ልጁ አልዋሸም። የዘመቻው ክትባት ሜንአፍሪቫክ ግን የሚከላከለው “ኤ” የተባለውን የባክቴሪያ ዓይነት ብቻ ነው። በእሱ ላይ ድንቅ ሥራ ሠርቷል፤ ሲን፣ ደብልዩንና ኤክስን ግን አይነካም። የክትባት አቅምም ጊዜ ሲያልፍ ይዳከማል። ስለዚህ አትሟገቱት፤ “ልክ ነህ፣ እሱ ለኤ ነበር” በሉት።

3. የግቢውን ክሊኒክ ስትጠይቁ “ክትባት አለ?” ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። “ኤ፣ ሲ፣ ደብልዩና ዋይን የሚከላከለው የት ይገኛል? ስንት ነው?” በሉ። ሐጅ ተጓዦች እንዲወጉ የሚገደዱት ይህንኑ ነውና ለመንገደኛ ክትባት የሚሰጡ ባለሙያዎች ያውቁታል። ኤክስን የጨመረውን ባለ አምስቱንም ጠይቁ፤ ናይጄሪያ በ2016 ዓ.ም. ከዓለም ቀድማ ጀምራዋለች።

4. ጥቅምት ላይ ጨርሱ። ወረርሽኙ የሚበረታው ደረቁ በጋ ሲገባ ነው፤ ክትባቱ ደግሞ እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ክንድ ሊያም፣ ትንሽ ትኩሳትም ሊኖር እንደሚችል አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ፈተና ዋዜማ ላይ አትሂዱ። መርፌ ፈሪውን መሃል አሰልፉት።

5. ክትባት ሁሉንም ዓይነት አይከላከልምና ምልክቱን እወቁ፦ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ብርሃን መጥላት፣ አገጭን ደረት አላስነካ የሚል የአንገት መድረቅ። እዚህ አገር “ምች ነው” ተብሎ ለታማሚው ዳማከሴ ይጨመቅለትና ተሸፋፍኖ ይተኛል። በሽታው በ24 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ፕሮክተሩን ቀስቅሱና ሆስፒታል አድርሱት። ለሐኪሙም አብራችሁት እንደምታድሩ ንገሩ፤ ለእናንተም የመከላከያ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል።