የቮልስን ጉልበት ለመጨመር

ሞተር የሚሠራው አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ በማቃጠል ነው። ብዙ ካቃጠለ ብዙ ጉልበት ይሰጣል፤ ሙቀቱም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ለአሮጌ መኪናው ዕቃ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ስለ ሙቀት ማሰብ አለበት።

ቮልስን እንመልከት። የዚህች መኪና ሥራ በ1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አበቃ፤ ዛሬ የምናድሰው እንግዲህ ያለውን ነው። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው። የ1600ው ሞተር የፒስተኑ ወርድ 85.5 ሚሊሜትር ነው። የሞተሩ አካል ሳይነካ 88 ሚሊሜትር የሚገባበት ሲሊንደር ይሸጣል። ርካሽ ነው፤ ታዲያ ምን ጎደለው? ውጪው ሳይሰፋ ውስጡ ስለሰፋ ግድግዳው ሳስቷል። የሳሳ ግድግዳ ሲሞቅ ይጣመማል፤ ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ ገንዘባችንም ውሃ በላው ማለት ነው። 90.5 የምንመርጥ ከሆነ ግን አካሉና ቴስታታው ቶርኖ ቤት ገብተው መስፋት አለባቸው። ወጪው ይበዛል፤ ግድግዳው ግን ወፍራም ስለሆነ ዕድሜ አለው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ባላነሰ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። ለቆላ የተለካ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ጥቁር ጭስም ያወጣል። ስለዚህ የቤንዚን ማስተላለፊያ ቀዳዳው ጠበብ ያለውን እንምረጥ።

ከሁሉ በፊት ግን ፍሬን! የሚሮጥ ሞተር ገዝተን የሚያቆም ፍሬን ካልገዛን የምንከፍለው በሰው ሕይወት ነው።

ጥያቄ፦
1. የ88ቱ ሲሊንደር ለምን ቶሎ ይበላሻል?
2. ገንዘባችን ለአንድ ነገር ብቻ ቢበቃ የቱን እናስቀድም? ለምን?